አጭር ፌርማታ

ሰኞ ገበያ ነው። ቦንዳ ተፈቷል።
አባባ ኮት ያራግፋል፣ ዋጋ ይጠራል፤
እኔና ይመር ኪስ እንፈትሻለን፣
ሳንቲም ስንፈልግ ሁልጊዜ የሰው መሐረብ እናገኛለን።

የዚያን ቀን ግን ክርኑ ከሳሳ አረንጓዴ ጃኬት ውስጥ
ሰባት ካርድ ወጣ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ላስቲኩ ገና ስንነካው ተበጥሶ የቀረ።

ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ቆብ ያደረጉ፣
የበሬ ሳንባ የሚያህል ቆዳ በግራ እጃቸው፣
ሸብረክ ብለው በጉልበታቸው
መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ።

ጨዋታውን አናውቀው። ስማቸውን ውሃ በልቶታል፤
ከጀርባቸው ቁጥር አለ፣ በደቃቁ ታትሟል፣
ምን ተቆጥሮ እንደሆነ ግን ማን ያውቃል?
ለእንግሊዝኛ መምህራችን ለጋሽ ደርበው ወሰድነው።
መነጽራቸውን ወልውለው፣ ወደ መስኮት አስጠግተው፣
ሰባቱም ላይ አንድ ቃል አገኙ፤ "ሾርትስቶፕ" አሉ፣ ቆም ብለው፤
"አጭር ፌርማታ ማለት ነው።"

"በቃ፣ የታክሲ ረዳቶች ናቸዋ!" አለ ይመር በመንገድ፣
"ቆዳው ሒሳብ መቀበያ ነው፤
ሸብረክ ያሉት መኪናው ሳይቆም ለመውረድ።"

ማታ ማታ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ አምፖሉን ሲያደበዝዝ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ደርድረን ማዕረግ ስናስይዝ፦
"አንደኛ ይሄ ነው፤ ጉልበቱን እየው፣ አፈር አለ።"
"አፈርማ አህያስ ይንከባለል የለ!
ባለጺሙ ነው እንጂ፤ ዓይኑ ገና ያልመጣ ነገር ያያል።"
"ባለጺሙ ይስቃል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ይስቃል?"

ባለጺሙ ሦስት ሳምንት ነገሠ፤
አንድ ማክሰኞ በይመር ምስክርነት ተከሰሰ፣
አራተኛ ወረደ። ቀጭኑ ወጣ። ቀጭኑን እኔ አልወደድኩትም፤
ጫማው ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ጫማ አላምንም።
የሰባተኛው ነገር ያሳዝናል፣ ፊቱ ላይ የላስቲክ ጠባሳ አለ፤
ማንም አንደኛ አይለውም፤ "ይጣል" ግን ማን አለ?

የወርቅ ቤቱ ልጅ አምሐ
ዐሥራ ሁለት የማስቲካ ኳስ ተጫዋች ይዞ መጣ፤
"ቀጭኑን በነዚህ ለውጡኝ።" ላብ በግንባሬ ወጣ።
አልለወጥንም።
ሌሊቱን ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ
ዐሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ስቆጥራቸው አደርኩ።

ሆጤ ሜዳ የትልልቆቹ ነው፤ የእኛ ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፤
ኳስ ካመለጠች ቦርከና ናት፣ መሀል ላይ አታርፍ።
ስለዚህ ሙሄ ነበረ። ቡድን የማይመርጠው፣ ግብ የማያገባ፣
ከተከላካዩ ኋላ፣ ከገደሉ ፊት፣ ሣር ውስጥ የሚገባ፤
በደረቱ፣ በመዳፉ፣ አንዴም በጥርሱ ኳስ የመለሰ።
አንድ ቀን ይመር የጀመረውን ክርክር ሳይጨርስ
"እየው ሙሄን" አለ። "አቋሙን እየው።"
ሸብረክ ብሏል። የጠፋ ነገር ይፈልጋል።
ቆዳው ብቻ ነው የጎደለው።

በዚያው ማታ የኒያላ ካርቶን ቆርጠን በእርሳስ ሣልነው፤
ከጀርባ ቁጥር ግድ ነውና
"አርባ ስድስት ኳስ፣ አንድ ጥርስ" ብለን ጻፍነው።

ዘንድሮ ጨዋታውን በስልኬ አየሁት፣ ሌሊት፣ ብቻዬን።
ሰውየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ትራስ መሀል ይቆማል፣
ልታልፍ ያለችውን ከመሬት ይለቅማል።
ጋሽ ደርበው፣ ነፍስ ይማር፣ ያን ያህል አልሳቱም ነበር።

ይመር ከኮምቦልቻ ደወለ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የሌሊት ተረኛ ነው፤
"ባለጺሙን ሁለተኛ እናድርገው? አርጅቼ መሰለኝ፣ ሳቁ ገባኝ።"
"ይሁን። አንደኛውን ግን አትንካ።"
"ማን ነካው?"

ሙሄ ባጃጅ ይነዳል፣ ከቧንቧ ውሃ ሸዋ በር።
ጎኑ ተቀምጬ ካርቶኑን አሳየሁት፤
መብራት እስኪለቅ አየው፣ ገልብጦም አየው፣
"ጆሮዬን አበዛችሁት" አለ።
"ወራጅ!" አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤
ፍሬኑን ረገጠ፣
ቀስ ብሎ፣ አቧራ ሳያስነሳ።