ለአራት ማን ይመልስላት?

ኮዬ ፈጬ ጥግ ላይ፣ ብሎኩ አልቆ ጭቃው ሲጀምር፣
የሁለተኛ «ሐ» ክፍል እኔ ነኝ የሒሳብ መምህር።
ስልሳ ሰባት ልጆች፣ ለሦስት አንድ ዴስክ ደርሷቸው፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በጣት ነው የማናግራቸው።

መቁጠሪያችን ቆርኪ ነው፣ ከግሮሰሪ ደጅ የለቀምኩት፣
አስር አስሩን በቀጭን ላስቲክ ጠፍሬ ያሰርኩት።
ሁለቴ በኦሞ አጥቤውም የቢራ ጠረኑ አልለቀቀው፤
ርዕሰ መምህሩ አንስቶ አሸተተና፣
ሳቅ ይሁን ሳል፣ አንድ ነገር አነቀው።

ያን ቀን ሰሌዳው ላይ አርባ ሦስት፣ ከሥሩ አስራ ስምንት።
«ከሦስት ላይ ስምንት ይነሳል?»
«አይነሳም!» ባንድ አንደበት።
«ታዲያ ምን ይዋጠው ሦስት?»
ዝም። ውጭ ሚክሰሩ ጠጠሩን ያላምጣል።
«ጎረቤቱን አራትን ያንኳኳል፣
‹አንድ አስር አበድሪኝ› ይላታል።»
እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነው የተነገረኝ።
አራት ሦስት ሆነች፣ ሦስት አስራ ሦስት፤
ሃያ አምስት ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፣
ጠመኔው እጄ ላይ ተሰብሮ ቀረኝ።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ኩምሳ።
አባቱ ስም ሲያወጣለት «ሺህ አድርገው» ማለቱ ነበር፣
እሱ ግን ሰባ ዘጠኝ ላይ ይደናቀፋል ከመቶ ሲቆጥር።
እናቱ ከመስኮታችን ትይዩ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
በባሬላ አሸዋ ስታወጣ ትታያለች።
«ቲቸር፣ አራት መቼ ነው የሚመለስላት?»
«ምኑ?»
«አስሯ ነዋ። አበድራለች።»

ስልሳ ስድስት ራስ ወደ እኔ ዞረ።
ብድር ሲባል የማይገባው ልጅ እዚህ ሰፈር የለም፤
የሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ ስማችን ያልሰፈረ የለንም።
የእኔ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው፤
ዘይት፣ ሳሙና፣ ግማሽ ኪሎ ምስር፣
ከላዩ ተሰርዞ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ አዲስ ሲጀመር።

መጽሐፉን ገለጥኩ። መልመጃ እንጂ መልስ የለውም።
ሰባት ዓመት አራትን ሳስበድራት
አንድ ቀን አስመልሼላት አላውቅም።

ቆርኪውን ዘረገፍኩ፤ አራት እስር፣ ሦስት ብትን።
«ና ኩምሳ፣ አንዷን እስር ፍታልን።»
ፈታ። ላስቲኩ ተፈናጥሮ ሲፈንን ጉንጯ ላይ አገኛት፤
እሷ ከማልቀሷ በፊት ክፍሉ ስቆ ጨረሰላት።
«አሁን ሁሉንም ቁጠር።»
ቆጠረ፣ በጣቱ እየነካ፣ እየጀመረ፣ እየተሳሳተ፤
አርባ ሦስት ነበር፣ አርባ ሦስት ነው።
«ማን ቤት ተሄደ?»
«ማንም።»
«ማን ጎደለበት?»
«ማንም።»

ጎረቤት አልነበረም ለካ። የራስ ነው፣ ታስሮ የቆየ።
«ሒሳቡን ፍቱ» ስል ስከርም፣
የምፈታው ቋጠሮ እንደነበር
ዓይኔ አጠገቡ ሆኖ አላየ።
«መበደር»ን በዳስተር ጠረግሁ፣
«መፍታት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፤
ኩምሳ ራሱን ነቀነቀ፤ ገባው ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እስር ጠበቀኝ፦
አስር ቆርኪ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት በተመዘዘ ክር፣
ግማሹ የዛገ፣ አንዱ በድንጋይ የተቀጠቀጠ።
«ይኼ ደግሞ የምንድን ነው?»

«የአራት ነው» አለ፣ ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ፤
«ለእማዬ ነገርኳት፣ ብድር አይደለም ብለውናል ብዬ።
‹ይሁን› አለች።
‹ለማንኛውም መልስላት› አለች።»