ስድስተኛው

እኔ የመድን ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ግምት ነው፤
ጣሪያውን በረዶ ቢጫነው፣ ምድጃው ቤቱን ቢያጋየው፣
ስንት ይከፈል ብሎ አስቀድሞ መጻፍ፤
የሰው ቤት ገብቶ፣ ከሳሎን እስከ ደጃፍ፣
ዕቃውን በዓይን መዝኖ፣ ዋጋ እየለጠፉ ማለፍ።

ሄልሚ ላይቲነን ጠራችኝ፣ ከሱፔሪየር ሐይቅ ዳር፣
በሚሺጋን ሰሜን ጫፍ፣ መግቢያው ላይ ኅዳር።
ባሏ አርቮ ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር፤
ውሉን ወደ ስሟ ላዞር፣ ጠመንጃዎቹን ልቆጥር።

በዚያ አገር ጠመንጃ የቤት ዕቃ ነው፤
እንደ ድስት፣ እንደ ብርድ ልብስ፣ ልጅ ካባቱ የሚወርሰው።
ውሉ ግን ለይቶ ያየዋል፦ እሳት ቢበላው ሙሉ ካሣ፤
ሌባ ቢወስደው ሁለት ሺህ ተኩል፣ ከዚያ በላይ አይነሣ።
ይህ አይበቃኝም ያለ ሰው አንድ በአንድ ያስመዘግባል፤
ዓይነቱን፣ ቁጥሩን፣ ዋጋውን፤ አረቦኑም ይጨምራል።
አርቮ አስመዝግቦ ነበር። ስድስት።
በየዓመቱ ከፍሏል፣ አንድም ጊዜ ሳይስት።

ካዝናውን ከፈተች። የዘይት ሽታ ወጣ።
እኔ ቁጥር ስጠራ፣ እሷ ከካዝናው ስታወጣ፤
አንደኛው የአጋዘን፣ ሰደፉ የተላጠ፤
ሁለተኛው ከጎረቤት በመጋዝ የተለወጠ፤
ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ አምስተኛውን ስትይዝ ሳቀች፣
«በዚህ ነው የራሱን ጀልባ የበሳው፣ ለዳክዬ ሲያልም» አለች።

ስድስተኛው የአባቷ ነው፤ ባለሁለት አፈሙዝ፤
መዳብ ሲቆፍር ኖሮ የተወላት ብቸኛ ጓዝ።
ራሷ የሠራችውን አረንጓዴ የሱፍ ከረጢት ለብሶ፣
ጥግ ላይ ቆሟል፣ ግድግዳውን ተንተርሶ።

አነሣችው። ክብደቱ እንደጠበቀችው አልመጣም፤
ማሰሪያውን ፈታች፤ ከከረጢቱ ጠመንጃ አልወጣም።
የታንኳ መቅዘፊያ፤ ምላሱ በመጋዝ የተቆረጠ፣
በጠመንጃው ቁመት ተለክቶ፣ ጫፉ በአሮጌ ካልሲ የተሸጎጠ።

እኔ ሥራዬን ሠራሁ፤ የተማርሁትን ጠየቅሁ፤
«ተሰርቆ ይሆን?» አልሁ፤ ድምፄንም ዝቅ አደረግሁ።
«ከተሰረቀ ውሉ ይከፍላል፤ ሦስት ሺህ አራት መቶ ዶላር፤
ለፖሊስ አንድ ገጽ ቃል ነው፤ እኔም አላበዛ ነገር።»
ያን ጊዜ ጣሪያዋ ታየኝ፤ በምሥራቅ በኩል ያፈሳል፤
ይህ ገንዘብ ደግሞ፣ እኔ ስገምት፣ ጣሪያ ያለብሳል።

መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አጋድማ ዝም አለች።
ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ ማስላት ጀመረች፦
«ዳሌዬ የተቀየረ ጊዜ፣ ሐኪም ቤቱ ሂሳብ ልኮ፣
አርቮ ‹ውዝፍ ደሞዝ ወጣልኝ› አለ፤ ፋብሪካው ተዘግቶ ነበር እኮ።
በዚያው በጋ ‹አንዱን መቅዘፊያ ወንዙ ወሰደው› ብሎኝ፣
በቀረው አንድ፣ ክብ ስንዞር ዋልን፤ እሱ ሲስቅ፣ እኔንም ሲያስቀኝ።»

ቀኑን ከውሉ ጋር አስተያየሁ፤ ሰባት ዓመት ይሞላል።
ለሌለ ጠመንጃ ሰው ሰባት ዓመት አረቦን ይከፍላል?
ውሉ በፖስታ ይመጣል፤ ፖስታ የምትከፍተው እሷ ናት፤
ዝርዝሩ በአንድ ቢያንስ ትጠይቃለች፤ እንዳይጎድልባት።

«አልተሰረቀም» አለች። «ሰርዘው። እኔ ልፈርም።»
«ገንዘቡ…» ስል፣ «ሰምቼሃለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።
ይልቅ ይህን ስንት ትገምተዋለህ?» መቅዘፊያውን ዘረጋችልኝ።
ገለባበጥሁት። ቁጥር የለው፣ ማህተም የለው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ ጠፋኝ።
መለስሁላት። ከረጢቱን አለበሰችው፤ ማሰሪያውን ደግማ ቋጠረች፤
በቦታው፣ ከአምስቱ ጎን አቁማ፣ ካዝናውን ቆለፈች።

ስድስተኛውን መስመር በማስመሪያ ሰረዝሁ፤
«ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ ብዕሬን ይዤ ቆየሁ፤
«ተሸጧል» ብዬ ጻፍሁ። ለማን፣ መቼ፣ አልጠቀስሁ።

አረቦኑ በዓመት አርባ ዶላር እንደሚቀንስ ነገርኋት።
«ለጣሪያው ምስማር ይሆናል» አለች፤ መጥረጊያ አነሣች፣
መኪናዬ ላይ የተከመረውን በረዶ ልትጠርግልኝ ወጣች።