ሦስት ጠብታ

ቤርሳቤህ ላይ ሌሊቱን የበረሃ አቧራ ነፍሷል፣
የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር በተከፈተ ቁጥር ያፏጫል።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ሥራዬ ቃል ማሻገር፣
ከሐኪም አፍ ወደ እናት ጆሮ፣ ካንዱ አገር ወዳንዱ አገር።
ዛሬ ግን አንድ ቃል ከመንገድ ቀረብኝ፤
"ሴፕሲስ" ብዬ ብተወው ባዕድ ነው፣ ጎረበጠኝ፤
"ደሙ ተመርዞ ነው" ብል፣ ወይዘሮ ትርንጎ
"ማን መረዘው?" አሉኝ፣ ዓይናቸው ሰው ፈልጎ።

አልጋ አራት ልጃቸው ነው፣ ኦሽሪ፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤
ጣሪያ ላይ ማቀዝቀዣ ሲጠግን እጁን ጫረው ብረቱ።
ጭረት ነበር፣ ጭረት ብቻ፤ በፕላስተር ሸፍኖት
ሰንበትን አከበረ፣ ሳቀ፣ ሰኞ ማታ ጣለው ትኩሳት።
አልጋ አምስት ዓይድ ነው፣ የራሃት ከተማ ሰው፣
የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ብርድ ብርድ ያለው።

ትኩሳታቸው እኩል፣
ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል፤
ግፊታቸው በአንድ መሰላል ወደ ታች ይወርዳል፣
ማሽናቸው በአንድ ድምፅ ይጮኻል።
በየፋይላቸው ራስጌ የተጻፈውም ስም ያው ነው።
ላለፈ ላገደመ መንትያ ናቸው።

ዶክተር ኖጋ ግን መልክ አታምንም።
ደም ቀድታ ወደ ምድር ቤት ሰደደች፣ ጠበቀች፣ አነበበች።
"ስሙ አንድ ነው" አለችኝ፣ "በሽታው ግን ሁለት፤
አስረጃቸው እናቱን፣ እንደምታውቂበት።"

እንደማውቅበት!
ወታደር ልል ነበር፤ የኦሽሪ ታናሽ ጦር ሰፈር ነው፣ ተውኩት።
ፈረስ አልኳቸው።

"እማማ፣ በሰው ደም ውስጥ የሚጠብቁን ፈረሶች አሉ፣
ጠላት የገባ እንደሆን ተነሥተው የሚጋልቡ።
የአንዳንዱ ሰው ፈረሶች ባለቤታቸውን ያጣሉ፤
ጠላቱን ረግጠው ሲያበቁ፣ ዞረው ቤቱን ያበራያሉ፣
ጉበቱን እንደ ነዶ፣ ሳንባውን እንደ ገለባ።"
(ስም አልጠራሁም። ዓይኔ ግን መጋረጃውን ነካ።)
"የልጅዎ ፈረሶች ደክመው ተኝተዋል በሜዳ፣
ጅብ በመካከል ሲያልፍ ጆሯቸው እንኳ አይቆምም።
ለዚያኛው ልጓም ነው፣ ለዚህኛው አለንጋ።
ተኝቶ ላለ ፈረስ ልጓም ቢያጠብቁበት፣
ጅቡን ማገዝ ነው እንጂ ምኑ ላይ ነው መድኃኒት?"

ዝም አሉ።
ከመጋረጃው ማዶ ዓይድ ጣቱን አነሣ፣
ሚስቱ እልል አለች፤
ያን ጊዜ የወይዘሮ ትርንጎ ቁጣ ተነሣ።

"ለዚያ የሰጡትን ለኔ ልጅ ምነው ነፈጉ?
እናውቃለን እኮ፣ ፈገግ እያሉ ሲሸሽጉ።
እዚህ አገር ወጣት ሳለሁ ክንዴን ገልጬ ደም ሰጠሁ፤
ከረጢቱን እንደ ደፉት ኋላ በሬዲዮ ሰማሁ።
የማን እንደሆነ አይተው። ይኸው ነው።
ይህንን ተርጉሚላት።"

ተረጎምኩላት። ሌሊቱን ሁሉ ከሠራሁት
ይህ አንዱ ነበር ቃል ያልጎደለው።
ዶክተር ኖጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤
"እውነት ነው" አለች። ሌላ አልጨመረችም።
ቆይታ ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ ዘረጋች፣
ከመቶ ፈረስ የነቃው ስምንት፤
ጣቷን አስነክታ፣ ቁጥሩን ካንዴም ሦስቴ አሳየች፦
"ይህ የኦሽሪ ነው። የማንም አይደለም።
መጠኑ በዚህ ልክ ነው የሚሰፋለት።"

አለንጋው ገባ፣ በቀጭን ቱቦ፣ ድምፅ ሳያሰማ።
ወይዘሮ ትርንጎ ቁጥሩን ተማሩ፤
በዕብራይስጥ ስምንት፣ ስምንት እያሉ
እስኪነጋ ድረስ በከንፈራቸው ቆጠሩ።

ንጋት ላይ ነርሷ መጣች፣ ደም ልትወስድ እንደገና።
ዓይድ ጋ ማሽኑ ይጮኽ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም።
"ስንት ነው የምትወስዱት?" "ትንሽ፣ እማማ፤ ሦስት ጠብታ።"
ብልቃጧን በጣታቸው ነኩ፤ ትሞቅ ነበር።
"ንገሪያት" አሉኝ፣ "እንዳትደፋው።"

ነገርኳት።
በአንድ እጇ ነበር የያዘችው።
ሌላውን እጇን ጨመረችበት።