ጥሎሽ

በፋሲካ ዋዜማ፣ ጊቫት ኦልጋ ላይ፣
ቤት ሁሉ ሲጠረግ እርሾ እንዳይታይ፣
ዕቃም እንደ እርሾ ነው፣ ወጥቶ የሚደፋ፤
እግረ ሰባራ ወንበር፣ ሆዱ የፈሰሰ ሶፋ።

የከተማው መኪና መጥቶ ሳይጠርገው
አባቴ ይወጣል፣ ጎሕ ሳይቀድመው።
የሕፃን ጋሪ አለው ሕፃን የሌለበት፣
አንድ ጎማው እንደ ጫጩት የሚጮህበት።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር።
«የአባትህ ሱቅ ተከፍቷል» ይሉኝ ነበር እነ ኢዳን
ወደ ቆሻሻው ገንዳ ጣታቸውን እየቀሰሩ፤
እኔም አብሬ ስቄአለሁ።
ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። እንጨቶቹ ግን ሳይሰሙ አልቀሩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጠረገ የወረቀት ፋብሪካ፣
ግንድ ሲገባ እያየ፣ ነጭ ሆኖ ወጥቶ ሲለካ፤
በጡረታው ቀን አንዲት ወረቀት ሰጡት፣
«እናመሰግናለን» የምትል። እሱም አጣጥፎ
ከሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጣት።

ከሕንፃችን በታች ያለችውን መጠለያ፣
ሲረን ካልጮኸ በቀር ሰው የማይጎበኛት፣
በመጋዝና በሙጫ እሱ ነው ያላመዳት።
እዚያ ነው የዛገ ሚስማር የሚነቅል በዝግታ፣
«መጉበጥ ሞት አይደለም» እያለ የሚያቃናው፣ በመዶሻ መታ መታ።
አንዳንዴም መዝጊያ አቁሞ እንደ ሰው ያዋራታል፦
«እስቲ ልይሽ። ማን ነው ጥሎሽ የሄደ? ምን አጎደልሽ?
ምስጥ አልነካሽ፤ ልብሽ ደረቅ ነው፤ ቀለም ብቻ ነው ያፈነሽ።»

ዘንድሮ ከአራተኛ ፎቅ አንድ ቁም ሣጥን ወረደ።
ሮማንያዊቷ ወይዘሮ ቤርታ አረጋውያን ቤት ሲወሰዱ
ተሸካሚዎቹ ከጥዱ ሥር ትተውት ሄዱ።

አራት ቀለም ፋቀ፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቡኒ፣ ደግሞ ነጭ።
ከመዝጊያው ጀርባ ሲደርስ እጁ ቆመ።
የእርሳስ ጭረት፤ ከጭረት በላይ ሌላ ጭረት።
«እስቲ አንብብልኝ» አለኝ፣ መነጽሩን ሰበብ አድርጎ።
«ዶሪና፣ አራት ዓመት። ዶሪና፣ ስድስት። ዶሪና፣ ሰባት።»
«ከዚያስ?»
ከዚያ በላይ ባዶ እንጨት ነው፣ አልኩት።

ብርጭቆ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤
ሌላውን ሁሉ ላገ፣ ያን መዝጊያ ግን እንዳለ ተወው።

እግሩ የሐዴራ ባህር ዛፍ ነው፣ ነፋስ የገነደሰው፤
የመሳቢያው ወለል የብርቱካን ሣጥን፣ ማኅተሙ ያለቀቀው፤
እጀታው ከፈረሰ መስኮት የተለቀመ ናስ ነው።

በሠርጌ ሰሞን ጭነን ወደ ሲጋሊት ቤት ወሰድነው።
እናቷ ወይዘሮ ዝማም ዞሩት፤ በጣታቸው አንኳኩት፤
ከፈቱት፤ የማያውቋትን ልጅ ቁመት አዩ፤ ዘጉት።
«አቶ ቢያድጎ፣ ይሄ ነው ጥሎሽ?»
ቤቱ ጸጥ አለ።
«አዎን እመቤቴ» አለ አባቴ፣ «ጥሎሽ ነው፤
ማን እንደጣለው ግን አልጠየቅሁም።»

መጀመሪያ ሲጋሊት ሳቀች፤ ቀጥሎ እናቷ፣
ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።
እኔ አልሳቅሁም፤
የድሮውን ሳቄን እየፈለግሁ ነበር፣ ልመልሰው።

አሁን ክረምት ነው። የባሕሩ እርጥበት ሲገባ መሳቢያው ይነክሳል፤
አባቴ የሰንበት ሻማ ትራፊ ይዞ ይመጣል፣ ጠርዙን ያሻል።
ባለፈው ሲሄድ፣ ከጆሮው የማትለየው እርሳስ
መሳቢያው ውስጥ ቀርታለች፣ በቢላ ተቀርጻ።
ረሳት እንዳልል፣ ሰው የጣለውን የሚያስታውስ ሰው ነው።
ሲጋሊትም አየቻት፤
መሳቢያውን ቀስ ብላ ዘጋችው።