ሰባተኛው እርከን

ትኬቱ ዐሥር ብር፣ ለተማሪ አምስት፤
ጫማ ይወለቃል በር ላይ፣ ሳይዘልቁ ወደ ቤት፤
ዕቃ በእጅ አይነካም፤ በወንበር አይቀመጡም፤
ከቀዩ ገመድ ወዲያ አያልፉም።
ይህን ስል ነው የምውል፣ ቁልፍ ታጥቄ እንደ ዝናር፣
ደብረ ማርቆስ፣ ከአሮጌው ገበያ ዳር፣
በነጋድራስ ጓንጉል ቤት፣ በዚያ ባለ ሰገነቱ፣
ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ሰፈር በሚያደነቁር ጩኸቱ።

ቁጥር አንድ ሚዛን ነው፣ ሰምና ዝባድ የመዘነ፤
ቁጥር አራት ሣጥን፣ ቁልፉ ጠፍቶ እንደ ተከደነ፤
ቁጥር ዘጠኝ ጠረጴዛ፣ «ነጋድራስ ሒሳብ የጻፉበት»፤
ቁጥር ዐሥራ አንድ መስተዋት፣ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያጌጡበት»።
ስለ እሳቸው የምናውቀው ይኸው ነው። መስተዋት።

አምና ጠጋኞች መጡ፣ በጋውን ሙሉ ደከሙ፤
ምስጡን አባረሩ፣ ቫርኒሹን ቀቡ፣ ሪፖርቱን ፈረሙ።
«ቤቱ ደረጃውን ጠብቋል» ይላል የመጨረሻው መስመር፤
እውነት ነው፤ ደረጃው ጠብቋል፣ በአርባ ምስማር።
ቅኔ ቤት ያልዋለ መሐንዲስ፣ ሳያውቀው ቅኔ ዘረፈ፤
ሰሙ መዝገብ ቤት ገባ፣ ወርቁ ጣውላው ውስጥ አረፈ።

በኅዳር፣ አንድ ሐሙስ፣ ከቢቸና ሌሊት ተነሥተው
እማማ አንጓች መጡ፣ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው።
ሚዛኑን አላዩም፤ ሣጥኑን አለፉት፤
ደረጃውን በከንፈራቸው እየቆጠሩ ወጡት።
ሰባተኛው ላይ ቆሙ። ወረዱ። ደግመው ረገጡ።
ዝም።
«ምን አደረጋችሁት አፉን?» አሉኝ፣ እየተቆጡ።
«ጠገንነው፣ እማማ።»
«ዘጋነው በለኝ እንጂ።»

«ኩራዝ ያዥ ነበርሁ እዚህ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ፤
ከደብሩ አጥር ሥር እንጨት ስለቅም፣ ፊደል የለቀምሁ ነኝ።
እመቤቴ ስቆጥር ሰምታ፣ ‹እስቲ ለእኔም› አለች፤
የርስቷን ወረቀት በራሷ ዓይን ማየት ፈለገች።
አናጢውን አንሙትን ጠርታ፣ ሁለት ጠገራ ሰጥታ፣
‹ሰባተኛዋን አታጥብቃት፣ ትጩህ› አለችው ማታ።
በእርከኑ አስወጣኋት፤ አንዱ ሀ፣ ሁለተኛው ሁ፣ ሦስተኛው ሂ፤
ሰባተኛውን እኔ አልናገርም፣ ጣውላዋ ነበረች ጯሂ።
ሆ! ትላለች።
ሲመሽ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ፣ እርሱ ሒሳብ ከሚጽፍበት፣
በምስማር ትጭራለች፣ እኔ ኩራዙን ዝቅ አድርጌላት።
ጣውላዋ ሆ ስትል፣ ነጋድራስ መጣ ማለት ነው፤
እፍ! እንዝርቷን ታነሣለች፣ ጥጡንም የት እንዳለ ዳብሳ ነው።
‹ምነው በጨለማ?› ይላታል።
‹ላምባ ተወዷል› ትለዋለች።»

ሳቁ፣ በባዶ ድዳቸው። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«አንድ ሌሊት ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣
ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጥግ ጥጉን ረግጦ ወጣ።»

ከዚያስ? አላሉም። እኔም አልጠየቅሁ።
በሩ ላይ የተደረደረውን የጎብኚ ጫማ አየሁ።

ሲሄዱ፣ ገመዱን አልፌ፣ በስልኬ መብራት፣
ከቁጥር ዘጠኝ ሥር ተንበርክኬ ገባሁ በደረት።
አለ። ድሩን ስጠርገው አለ።
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ጠማማ፣ ጥልቅ፣ ምስጥ የሄደበት የመሰለ፣
እስከ በ ድረስ። በ፣ ቡ፣ ቢ፣
ከዚያ አንድ ረጅም ጭረት፣ ወደ ጎን የሸሸ።

«ንጽሕናው ይቀጥል» ከሚል አስተያየት በታች፣ መዝገቡ ላይ
እማማ አንጓች ስም አልጻፉም፣ ቀንም የለ።
ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ።
እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶት ነበር።

ያን ማታ አንድ ምስማር ነቀልሁ። ኪሴ ውስጥ አለ።
ሪፖርቱ እንደ ነበረ ነው። ማንም አልሰረዘ።
ቅዳሜ አንድ ሕፃን በባዶ እግሩ ሽቅብ ሲሮጥ፣
እናቱ ክው አለች፦ «ምንድን ነው የጮኸው?»
«ቁጥር ያልወጣለት ዕቃ ነው» አልኋት፤
«እርሱን መንካት ይቻላል።»