ካፖርቱ

አርባ ዓመት የገመድ ባቡር ሲያወጣ ሲያወርድ
በቫልፓራይሶ ዳገት፣ ከወደቡ መንገድ፣
የተሳፋሪውን ሁሉ ኮቴ ለይቶ የሚያውቅ
ኤሌውቴሪዮ፤ አንጎሉ ውስጥ አንድ የደም ሥር
እስኪፈነዳ ድረስ ሳያስጠነቅቅ።

ልጅቷ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች፤
«ቃል ይጠፋል፣ ሥዕል ይቆያል» ትላለች።
«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ክኒኑ ሰማያዊ ነው፤
የባሕር አንበሳ ወንበርዎ ላይ ተቀምጦ በማንኪያ ሲውጠው
ይዩት። ዓሣ ዓሣ ይሽተትዎ። ይሳቁ፤ ያሳቀን አንረሳም።»
አየው። ሳቀ። ቀትር ላይ ዋጠው፣ ማንም ሳያነሳም።

ስሟ ግን አስቸገረ። ኒየቬስ። «በረዶ ማለት አይደል?
እንግዲህ በረዶ ይጣል፤ በመርከቡ፣ በጣራው፣ በገደል፣
በኔም ፀጉር ላይ።»
በረዶ በማያውቅ ከተማ በረዶ አወረደ፤
ክረምቱን ሁሉ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተለማመደ።

ጥር ላይ፣ ቆርቆሮው በበጋቸው ፀሐይ ሲፋጅ፣
መጣች። ስሟን ፈለገ። አልነበረም ከአፉ ደጅ።
ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ።
ከዚያም የክረምት ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዶ
«ግቢ፣ ቶሎ ግቢ» አላት፤ ትከሻዋን ሸፈነ፤
በመዳፉ አራገፈላት፣
ከፀጉሯ ላይ፣ በረዶ።