የዘገየ መልስ

ጅረን አቀበት ላይ እጄን ብጠመዝዝ፣
አሰበ ሞተሩ፣ እንደ ሰው ሲተክዝ፤
ከዚያ ዘሎ ሄደ፣ ሊጥለኝ ምን ቀረው፤
የሲሊንደሩ ግለት ታፋዬን ጠበሰው።

ሂርማታ ወርጄ ሙዘይን ጋ ቆምኩኝ፤
«ይዘገያል፣ ይግላል፣ ምን ይሻላል?» አልኩኝ።
ዝም።

ካቻቢቴ አንስቶ፣ ጫፉን ከብረቱ፣
እጀታውን ደግሞ ከጆሮው አጥንቱ
አስጠግቶ አዳመጠ፣ ያ ጆሮው የከዳው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዶሻ የጎዳው።

ካቦው ላልቶ ኖሮ በጥፍር ያህል ጠበቀ፤
የጊቤ መንገድ ጭቃ ከራዲያተሩ ጥርስ
በጥርስ ብሩሽ ተፋቀ።

አሁን እጄ ሳይጨርስ ሞተሩ ይመልሳል።
«ስንት ነው?» አልኩት። ዝም።
ብሩሹን አጠበ፣ ካቻቢቴውን ወለወለ፤
ቁልፍ አዙሬ ልሄድ ስል፣
«ይዘገያል ነው ያልከው?» አለ።